የጎደሉት ሁለት ማዕዘኖች፦ ሴንታውረስ ውስጥ ጋላክሲና የከዋክብት ክምችት አፈላለግ

ፋሲካ በዋለ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ማታ ፊታችሁን ወደ ደቡብ አድርጋችሁ ደጅ ውጡ። ይህን ቀን የመረጥኩት ለጨረቃ ሒሳብ ብዬ ነው። የእኛ ፋሲካ የሚውለው ሙሉ ጨረቃ ካለፈች ከቀናት በኋላ በሚመጣው እሑድ ስለሆነ፣ በዚያ ሳምንት ጨረቃ የምትወጣው ዘግይታ ነው፤ በየምሽቱ ደግሞ ሃምሳ ደቂቃ ገደማ እየጨመረች ትዘገያለች። ምሽቱ ጨለማ ነው ማለት ነው። ደብዛዛ ነገር ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ሳምንት ማግኘት ይከብዳል፤ በዚሁ ሰሞን ደግሞ ሴንታውረስ የተባለው ኅብረ ኮከብ በደቡብ በኩል ሽቅብ ይወጣል።

ሴንታውረስ በግሪኮች ተረት ከወገቡ በላይ ሰው፣ ከወገቡ በታች ፈረስ ነው። ለአውሮፓ ሰው ግን አብዛኛው አካሉ ከአድማስ በታች የተቀበረ ፈረስ ነው። እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ኤድመንድ ሃሊ ይህን የሰማይ ክፍል ለመመዝገብ ሴንት ሄሌና ደሴት ድረስ በመርከብ መሄድ ነበረበት፤ ፈረንሳዊው ላካይ በ1751 እና 1752 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ ኬፕ ላይ ተቀምጦ ሠራ፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ደንሎፕ ደግሞ በ1826 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ፓራማታ ሆኖ አየ። እኛ ለዚህ ሁሉ ጓሮ መውጣት ይበቃናል። ሒሳቡም ቀላል ነው፤ ከ90 ላይ ያላችሁበትን ኬክሮስ፣ ከዚያም ኮከቡ ከሰማይ ወገብ ወደ ደቡብ የራቀበትን ዲግሪ ቀንሱ። ዋናው ዒላማችን ኦሜጋ ሴንታውሪ በ47 ዲግሪ ተኩል ደቡብ ላይ ነው። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስላለች፣ ኦሜጋ ከአድማስ 33 ዲግሪ ተኩል ያህል ከፍ ይላል። አርባ ምንጭ ያለ ሰው ሦስት ዲግሪ ያተርፋል፤ መቀሌ ያለ አራት ዲግሪ ተኩል ገደማ ያጣል። ዱባይ ላይ 17 ዲግሪ ገደማ፣ ቤርሼባ ላይ 11 ገደማ ይደርሳል፤ ስለዚህ በረሃ ወጥቶ እስከ አድማስ ክፍት የሆነ ሜዳ መፈለግ ነው። ዋሽንግተን ያላችሁ ግን ሦስት ዲግሪ ተኩል ብቻ ነው የሚደርሳችሁ፤ እሱን አገር ቤት ስትመጡ ብታዩት ይሻላል።

ሰዓቱና ቦታው

በሚያዝያ አጋማሽ ኦሜጋ ከፍታው ላይ የሚደርሰው ከሌሊቱ ለ6 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ገደማ ነው። በግንቦት መጀመሪያ ወደ 4 ሰዓት ተኩል ይቀርባል፤ በግንቦት መጨረሻ ለ3 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ገደማ ይሆናል፤ ያኔ ግን ክረምቱ እየገባ ስለሆነ ደመናው አያስተማምንም። በልግ በሚዘንብበት አካባቢ ያለ ሰው ሌላ አማራጭ አለው፦ በጥርና በየካቲት ሌሊቱ ጥርት ያለ ነው። በየካቲት አጋማሽ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት፣ በጥር መጨረሻ ደግሞ ወደ 11 ሰዓት ገደማ ያው ኅብረ ኮከብ ያው ቦታ ላይ ይገኛል። ለኪዳን የሚነሳ ሰው ሳያውቀው ስንት ጊዜ ከሥሩ አልፏል።

ቦታን በተመለከተ እኔ የተሳሳትኩትን አትሳሳቱ። የመጀመሪያ ምሽቴ እንጦጦ ላይ ነበር። ከፍታው ደስ ይላል፤ ግን ከእንጦጦ ወደ ደቡብ ማየት ማለት በአዲስ አበባ መብራት ላይ አሻግሮ ማየት ማለት ነው። ብርቱካናማው ጉም የፈረሱን እግሮች ውጧቸው ነበር። ሕጉ ይህ ነው፦ ከተማው ከጀርባችሁ ይሁን። በቡታጅራ መንገድ ወጥታችሁ፣ ደቡቡ ክፍት የሆነና ዛፍ የማይጋርደው ዘመድ ቤት ካገኛችሁ እንጦጦ አያስፈልጋችሁም። ለቤቱ ዘበኛና ለጎረቤት አስቀድማችሁ ንገሩ። በጨለማ ቆሞ ባይናኩላር የሚያነጣጥር ሰው ምን እንደሚመስል አስቡት፤ ፊታችሁ ላይ የሚበራው ባትሪ ደግሞ የግማሽ ሰዓት ልፋታችሁን ያበላሻል።

ግማሽ ሰዓት ያልኩት ዓይን ጨለማ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ስለሚፈልግ ነው። ስልክ አትክፈቱ። ካርታ ማየት ካስፈለገ የስልኩን መብራት በቀይ ፌስታል ሁለት ሦስት ጊዜ ጠቅልላችሁ በላስቲክ እሰሩት፤ ፈዘዝ ያለ ቀይ ብርሃን የዓይንን ልምድ ብዙም አይጎዳም።

መሣሪያው

ቴሌስኮፕ ለመግዛት አትቸኩሉ። 10×50 ወይም 7×50 የተጻፈበት ባይናኩላር ይበቃል፤ የመጀመሪያው ቁጥር ስንት ጊዜ እንደሚያጎላ፣ ሁለተኛው የፊት መስታወቱን ስፋት በሚሊሜትር ይናገራል። «100 ጊዜ ያጎላል» ተብሎ በርካሽ የሚሸጠውን ተዉት፤ ምስሉ ይጨልማል፣ ይንቀጠቀጣል።

መንቀጥቀጥ ዋናው ጠላት ነው፤ መድኃኒቱ ግን ቤት ውስጥ አለ። ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ረጅም የመጥረጊያ እንጨት ጉልበታችሁ መሐል አቁሙ፤ ባይናኩላሩን ጫፉ ላይ አሳርፉና እንጨቱንም ባይናኩላሩንም አንድ ላይ ጨብጡ። የእጅ መንቀጥቀጥ ወዲያው ጋብ ይላል። ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ። ጋቢ አትርሱ።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ደማቅ ኮከብ ላይ አነጣጥራችሁ ነጥቡ የመርፌ ጫፍ እስኪያህል ድረስ መሐል ያለውን መዘውር አስተካክሉ። ይህን ሳላደርግ ቀርቼ ኦሜጋን ሦስት ጊዜ አየሁትና «ያልጠራ ኮከብ» ብዬ አለፍኩት።

ከሁለቱ ደማቆች መነሳት

በደቡብ፣ ከአድማስ ብዙም ሳይርቁ፣ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ደማቅ ኮከቦች ፈልጉ። በስተግራ ያለው ደማቁ አልፋ ሴንታውሪ ነው፤ ሪጂል ኬንታውረስም ይባላል፤ «ሪጅል» በዐረብኛ እግር ማለት ነው፤ የፈረሱ እግር መሆኑ ነው። ከእኛ 4.4 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። በስተቀኝ ያለው ቤታ ወይም ሀዳር ነው። ጎረቤት ይምሰሉ እንጂ ሀዳር ከአልፋ ወደ ዘጠና ጊዜ ያህል ይርቃል። ከግራ ወደ ቀኝ በሁለቱ ላይ መስመር ብታሰምሩ የደቡብ መስቀል ላይ ያደርሳችኋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። ከደቡብ መስቀል በስተቀኝ ሌላ መስቀል የሚመስል ቅርጽ አለ፤ ሐሰተኛው መስቀል ይሉታል። ሰፋ ይላል፣ ደብዘዝ ይላል፣ ከጎኑም ሁለቱ ደማቆች የሉም። ደማቆቹን ካላገኛችሁ ገና አልወጡም ማለት ነውና ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ።

አሁን በእጅ መለካት ነው። ክንድን ዘርግቶ የተጨበጠ እጅ 10 ዲግሪ ገደማ፣ መሐል ያሉት ሦስት ጣቶች ተገጥመው 5 ዲግሪ ገደማ ይሸፍናሉ። ከሀዳር ተነስታችሁ ሽቅብና ትንሽ ወደ ቀኝ አንድ ጭብጥ የማይሞላ ስትሄዱ ኤፕሲሎን የተባለ ኮከብ ታገኛላችሁ። በዚያው አቅጣጫ ያን ያህል ርቀት ስትደግሙ ኦሜጋ አካባቢ ናችሁ።

አራት ማዕዘኑ

ይህ መንገድ ይሠራል፤ እኔ ግን የበለጠ የማምነው ሌላ ምልክት አለ። ኦሜጋ ከፍታው ላይ ሲደርስ በስተግራው ሦስት ጣት ርቆ ዜታ የሚባል ጎላ ያለ ኮከብ ይቆማል። ከዜታ ሽቅብ ሦስት ጣት ስትወጡ ሙ እና ኑ የተባሉት ተጠጋግተው ይታያሉ። ዜታና ሙ የአንድ አራት ማዕዘን የግራ ጎን ናቸው ብላችሁ አስቡ፤ እያንዳንዱ ጎን አምስት ዲግሪ አይሞላም። በስተቀኝ ያሉት ሁለት ማዕዘኖች በባዶ ዓይን የጎደሉ ይመስላሉ። የታችኛው ጥግ ላይ ኦሜጋ ሴንታውሪ አለ፤ የላይኛው ላይ ሴንታውረስ ኤ የተባለው ጋላክሲ። የሰማዩን ካርታ ካነበብኩ በኋላ ይህን ቅርጽ ወረቀት ላይ ስሥለው ነው ነገሩ የገባኝ፤ ከዚያ ወዲህ ጠፍቶብኝ አያውቅም። ገና ሲወጣ አራት ማዕዘኑ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ሲያዘቀዝቅ ወደ ቀኝ።

ከታችኛው ጥግ ጀምሩ። በጨለማ ቦታ ኦሜጋ በባዶ ዓይንም እንደ ደብዛዛ ኮከብ ይታያል፤ የጥንቱ የሥነ ፈለክ ሊቅ ፕቶሎሚ ከከዋክብት ጋር የመዘገበው፣ የሰማይ ካርታ ሠሪው ባየርም በ1603 እ.ኤ.አ. እንደ ኮከብ የግሪክ ፊደል የሰጠው ለዚህ ነው። በባይናኩላር ግን ኮከብ አለመሆኑ ወዲያው ይታወቃል፦ ዳሩ የሳሳ ክብ የጥጥ ብጣሽ ነው። ስፋቱ ሙሉ ጨረቃን ያህላል። አሥር ሚሊዮን የሚገመቱ ከዋክብት የተጨናነቁበት፣ ከእኛ ጋላክሲ ከፍኖተ ሐሊብ ክብ ክምችቶች ሁሉ ትልቁ ነው፤ ርቀቱ ወደ 17,000 የብርሃን ዓመት። መስታወቱ 15 ሴንቲሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ ያለው ሰው ካገኛችሁ ለምኑት። ጥጡ ይበተንና ጥቁር ጨርቅ ላይ የተደፋ ነጭ ጤፍ ይሆናል፤ መሐሉ ክምር፣ ዳር ዳሩ ፍሬው የሚቆጠር። ብዙ ተመራማሪዎች ኦሜጋን ፍኖተ ሐሊብ የዋጠችው የትንሽ ጋላክሲ እምብርት ነው ይሉታል፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ መሐሉ ላይ እጅግ የሚፈጥኑ ሰባት ከዋክብት መገኘታቸው ከፀሐይ ቢያንስ 8,200 ጊዜ የሚከብድ ጥቁር ጉድጓድ እንዳለ ምልክት ሆኗል።

ቀጥሎ ባይናኩላሩን አራት ዲግሪ ተኩል ብቻ ሽቅብ አንሱ። በ10×50 ሁለቱም በአንድ እይታ ውስጥ ስለሚገቡ ኦሜጋን ታች ዳር ላይ ካስቀመጣችሁ ሴንታውረስ ኤ ላይኛው ዳር ይመጣል። መምጣቱ ይመጣል፤ ታዩታላችሁ ወይ ነው ጥያቄው። ሰማዩ ካልጨለመ አይታይም። ዘዴው በቀጥታ አለማየት ነው፦ ዓይናችሁን ትንሽ ወደ ጎን አሳርፉ፣ ልባችሁ ግን ጥጉ ላይ ይሁን። የዓይን ዳር ደብዛዛ ብርሃንን ከመሐሉ ይልቅ ይይዛል። መስታወት ላይ የተተነፈሰ የሚመስል ትንሽ ክብ ጭጋግ ብቅ ይላል፤ በቀጥታ ስታፈጡበት ይጠፋል፤ ዘወር ስትሉ ይመለሳል። ባይናኩላሩን በጣት ቀስ ብሎ መታ መታ ማድረግም ይረዳል፤ ዓይን የሚንቀሳቀስን ነገር ቀድሞ ያያል።

ያ ጭጋግ ከ11 እስከ 13 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት የሚርቅ ጋላክሲ ነው። በቴሌስኮፕ ሲታይ መሐሉን ጥቁር የአቧራ መቀነት ታጥቋል፤ ሌላ ጋላክሲ ውጦ የተረፈው ነው ተብሎ ይታሰባል። በ1949 እ.ኤ.አ. ቦልተን፣ ስታንሊና ስሊ የተባሉ አውስትራሊያ ውስጥ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከዚያ አቅጣጫ ይመጣ የነበረውን ብርቱ የራዲዮ ሞገድ ከዚሁ ጋላክሲ ጋር አገናኙት። «ኤ» የሚለው ፊደልም የሴንታውረስ የመጀመሪያው የራዲዮ ምንጭ ለማለት ነው።

የተረፉት

ከዚህ በኋላ ያለው ቴሌስኮፕ ላለው ነው፤ በአጭሩ ልለፈው። ከኦሜጋ ወደ ቀኝና ትንሽ ወደ ታች አራት ዲግሪ ገደማ ስትሄዱ ክሲ አንድና ክሲ ሁለት የተባሉ ጥንድ ኮከቦች አሉ፤ ከጎናቸው በጠርዙ ቆሞ የሚታይ፣ እንደ ስንጥር የቀጠነ ጋላክሲ አለ፤ በሰማይ አካላት መዝገብ ኤንጂሲ 4945 ይባላል። ከኤፕሲሎን በላይ ሁለት ዲግሪ ገደማ ላይ ደግሞ ኤንጂሲ 5286 የተባለች ትንሽ ክብ ክምችት አለች፤ አጠገቧ ያለው ኤም ሴንታውሪ የተባለ ኮከብ ብርሃን ይሻማታልና ኮከቡን ከእይታው ውጭ ገፋ አድርጉት።

ለባይናኩላር ባለቤቶች ግን አንድ ቀርቷል፤ እንዲያውም ቀድሞ ስለሚጠልቅ በእሱ ብትጀምሩ ይሻላል። የደቡብ መስቀል ቀጥ ብሎ ሲቆም ከታችኛው ኮከብ ወደ ቀኝ ስድስት ዲግሪ ገደማ ሂዱ፤ ላምዳ ሴንታውሪን ታገኛላችሁ። ከእሱ በላይ አንድ ዲግሪ ተኩል በማይሞላ ርቀት ኤንጂሲ 3766 አለ፤ ላካይ ከኬፕ ሆኖ ያገኘው ብትን ክምችት፤ የዕንቁ ክምችትም ይሉታል። ይህ እንደ ኦሜጋ ጥጥ አይደለም። ፍሬ ፍሬው የሚለይ፣ የተበጠሰ ጨሌ የፈሰሰ ይመስላል፤ በቴሌስኮፕ ከነጮቹ መሐል ሁለት ቀላ ያሉ ይለያሉ። ላምዳን የከበበው ጋዝ «ሯጭ ዶሮ» ይባላል፤ በካሜራ ካልሆነ ብዙም አይያዝም። ከፋሲካ ያመለጠች ትሆናለች።

በመጨረሻ ደብተር ያዙ። የቡና ሲኒ አፍ ደፍታችሁ ክብ ሥሩ፤ ያ የባይናኩላሩ እይታ ነው። ውስጡ ያያችሁትን ነጥብ ሁሉ በእርሳስ አስቀምጡ፤ ጭጋጉን በጣት ማሸት ነው። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የሰማዩን ሁኔታ ከሥሩ ጻፉ። በሚቀጥለው ወር ያንኑ ስትሥሉ ዓይናችሁ ምን ያህል እንደለመደ ትለያላችሁ። የእኔ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ኦሜጋ ባለበት ቦታ የተጻፈው «ጥጥ?» የሚል ብቻ ነው፤ ከነጥያቄ ምልክቱ።