ያለ ሸክም ወደ ጓሳ

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ ጓሳ የሚባል ሰፊ የሣር ምድር አለ። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍ ይላል። ስሙ የመጣው እዚያው ከሚበቅለው ከጓሳ ሣር ነው። ሣሩ የቤት ክዳን ይሆናል፤ ገመድም ይገመድበታል።

እኔ የከተማ ልጅ ነኝ። ሣር ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ከማስተምራቸው ሴቶች ጋር ወደ ጓሳ ወጣን። የመሩን በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። «ዛሬ ገመድም ማጭድም አትያዙ» አሉ። ሴቶቹ ሳቁ። አንዷ «ባሌ ቢያየኝ አበደች ይላል» አለች።

እማማ በየመንገዱ ያስቆሙናል። የጓሳውን ሥር ገልጠው አሳዩን። «ከላይ ሲታጨድ ተመልሶ ያድጋል። ከሥሩ የነቀልሽው ግን ቀረ።» ቀጥሎ የአይጥና የፍልፈል ጉድጓድ አሳዩን። ራቅ ብሎ ቀይ ቀበሮ ቆሟል፤ ጆሮውን አቁሞ ጉድጓድ ይጠብቃል። ግልገል የሚነካበት ጊዜ አለ፤ ዋና ምግቡ ግን አይጥና ፍልፈል ነው። ይህ አውሬ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የለም። ለአካለ መጠን የደረሰው ሁሉ ቢቆጠር 500 አይሞላም። ሣር እየነጨ የሚውለው ጭላዳም የእኛው አገር ብቻ ነው።

ጓሳ እንዲሁ አልተረፈም። ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቄሮ የሚባል ሥርዓት ይጠብቀው ነበር። ሹም ይመረጣል፤ ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲደርስ ይከፈታል። ሕግ ያፈረሰ ይቀጣል። እውነቱን ለመናገር መብቱ የባለርስቶቹ ነበር፤ ሌላው ከውጭ ያይ ነበር። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ርስትን ሲያስቀር ቄሮም አብሮ ቀረ። ጠባቂ ስለጠፋ ሁሉም ገባበት። «ቤቴ እያፈሰሰ ክዳን ፍለጋ ግማሽ ቀን ሄጃለሁ» አሉ እማማ። ኋላ ሕዝቡ ራሱ ተመካክሮ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ጠባቂም አቆመ።

ስንመለስ ያቺ የሳቀችው ሴት ዝም ብላ ትሄድ ነበር። ምን ሆነሽ አልኳት።

«ሃያ ዓመት ጓሳ ወጥቻለሁ። ጀርባዬ ላይ እንጨት፣ ዓይኔ መሬት ላይ። ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም እኮ!» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ለመሆኑ ሲዘጋና ሲከፈት እኛን ማን ጠየቀን? እንጨት የምንለቅመው እኛ አይደለንም እንዴ?»

«ታዲያ ለኔ ምን ትነግሪኛለሽ?» አሉ እማማ። «ስብሰባ አለ አይደል? እጅሽን አውጪና ጠይቂያ!»

ለውይይት፦ በእናንተ ቀበሌ የተከለለ ሣር ወይም ደን አለ? የሚዘጋውና የሚከፍተው ማን ነው? በስብሰባው ላይ ስንት ሴቶች ይናገራሉ?