ቬኑስና ማርስ ሲገናኙ ለማየት

ኅዳር 15 ቀን 2020 ዓ.ም. ገደማ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ቬኑስና ማርስ በደቡብ ምዕራብ ሰማይ ላይ ከአንድ ጨረቃ ስፋት በታች ይቀራረባሉ። ክረምቱ ያለፈበት፣ ሰማዩ የጠራበት ወር ነውና ከአሁኑ ቀን መቁጠሪያዎ ላይ ምልክት ያድርጉበት።

መጀመሪያ ቦታ ይምረጡ። ደቡብ ምዕራቡ በሕንፃና በዛፍ ያልተከለለ መሆን አለበት። አዲስ አበባ ያለ ሰው ወጨጫ ተራራ በዚያው አቅጣጫ እንደሚቆም አይርሳ፤ ፕላኔቶቹ ዝቅ ሲሉ ይጋርዳቸዋልና አይዘግይ። ፀሐይ 12 ሰዓት አልፎ ጥቂት ደቂቃ ላይ ትጠልቃለች፤ ከ12:45 እስከ 1:20 ያለው ጥሩ ጊዜ ነው።

ከዚያ ቬኑስን ይፈልጉ። ማለዳ ስትወጣ የአጥቢያ ኮከብ የምንላት እርሷው ናት፤ ነጭ ናት፣ አትርገበገብም፣ ሌላ ከዋክብት ሳይታዩ ብቅ ትላለች። ማርስ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ቬኑስ ከፀሐይ ከ47 ዲግሪ በላይ ርቃ ስለማትታይ፣ ሁለቱ የሚገናኙት ሁልጊዜ ከፀሐይ ብዙ ሳይርቁ ነው። በዚያ ጊዜ ማርስ ከእኛ ሩቅ ስለሚሆን ደብዝዞ ይታያል፤ ቬኑስ ከመቶ እጥፍ በላይ ትደምቃለች። ቀላ ያለች ትንሽ ነጥብ ካዩ እርሱ ነው። ባይኖኩላር ካለ ፀሐይ ፈጽማ ከጠለቀች በኋላ ብቻ ያንሡ፤ ፀሐይን በባይኖኩላር ማየት ዓይንን ያጠፋል።

ሦስተኛው እርምጃ ከሁሉም በላይ የምወደው ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም እርሱን ነው። በዋናው ቀን ብቻ አይውጡ። ከአሥር ቀን በፊት፣ ኅዳር 5 አካባቢ ይጀምሩ። ክንድዎን ዘርግተው ሦስቱን መካከለኛ ጣቶች ጎን ለጎን ያስጠጉ፤ ስፋታቸው 5 ዲግሪ ያህል ነው። ማርስ ከላይ፣ ቬኑስ ከታች፣ በመካከላቸው እነዚያ ሦስት ጣቶች። ቬኑስ በከዋክብቱ መካከል በቀን 1 ከሩብ ዲግሪ ያህል ስትጓዝ ማርስ ሦስት አራተኛ ዲግሪ ብቻ ይሄዳል። ስለዚህ ክፍተቱ በየማታው በግማሽ ዲግሪ፣ ማለትም በአንድ ጨረቃ ስፋት፣ ይጠባል። በደብተር ላይ ሁለት ነጥብ እያስቀመጡ ቀኑን ይጻፉ። ከኅዳር 15 በኋላ ቬኑስ ወደ ላይ ታልፈዋለች፤ ኅዳር 19 እና 20 ላይ ደግሞ አዲስ ቀጭን ጨረቃ ወደ ሰፈራቸው ትመጣለች። ለልጆች ይህን ደብተር ከመስጠት የተሻለ የሥነ ፈለክ ትምህርት አላውቅም።

የሚገናኙት በእኛ ዓይን እንጂ በጠፈር ውስጥ አይደለም። በዚያ ማታ ቬኑስ ከምድር ወደ 220 ሚሊዮን፣ ማርስ ወደ 340 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይርቃሉ። አንዷ ሌላውን ፈጽማ የምትሸፍንበት ጊዜ እጅግ ብርቅ ነው፤ የኬፕለር መምህር የነበረው ሚካኤል መስትሊን እ.ኤ.አ. በ1590 ጥቅምት 13 ሃይደልበርግ ላይ፣ ቴሌስኮፕ ባልነበረበት ዘመን፣ አይቶታል።

የኮከብ ቆጠራ ትርጓሜ የሚያነቡ ከሆነ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የምዕራባውያኑ አስትሮሎጂ ቬኑስን ከፍቅር፣ ማርስን ከግለትና ከጦርነት ጋር ያያይዛል፤ የሚጠቀምባቸው የዞዲያክ ክፍሎች ግን ዛሬ ሰማይ ላይ ካሉት ኅብረ ከዋክብት ጋር አይገጥሙም። የምድር ዛቢያ በ26,000 ዓመት ገደማ አንድ ዙር ስለሚወዛወዝ ክፍሎቹ ከቦታቸው ሸሽተዋል። የካቲት 14 ቀን 2016 ዓ.ም. ሁለቱ ንጋት ላይ ሲገናኙ አስትሮሎጂው በደለዊ ክፍል ናቸው ሲል፣ ፕላኔቶቹ የታዩት በጀዲ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ ነበር። በዐውደ ነገሥት የሚሠራው የሀገራችን ቆጠራ ደግሞ ኮከብን የሚያወጣው ከሰውየውና ከእናቱ ስም ፊደላት ነውና የኅዳር 15ን ማታ ሰማይ አይጠይቅም። እኔ ፕላኔቶቹ በትዳርም በጠብም እጃቸውን ያስገባሉ ብዬ አላምንም፤ ትርጓሜውን የሚወድ ሰው ግን ቢያንስ ወጥቶ በዓይኑ ይያቸው።