ካሬውን ከመጥራትሽ በፊት

ልጄ፣ ባለፈው ማክሰኞ አሮጌው ኤርፖርት ለሽያጭ በቀረበው የወይዘሮዋ ግቢ በር ላይ ቆመን ሳለ ለገዢው በስልክ ያልሽውን ሰምቻለሁ። «ስምንት መቶ ካሬ፣ ጥሩ ቦታ፤ ውስጡ አሮጌ ቤት አለ፣ እሱ ይፈርሳል» አልሽው። ሰው ፊት ላርምሽ አልፈለግሁምና ዝም አልኩ። ወይዘሮዋ ግን በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። ይህን ሥራ አስተምራታለሁ ብዬ ለአባትሽ ቃል ሰጥቻለሁ፤ ስለዚህ ያን ቀን ያልነገርኩሽን አሁን ልጻፍልሽ።

እኔ ደላላ ከመሆኔ በፊት ካቦ ነበርኩ። ስጀምር፣ በ1952፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ ቪላ በሚሠራበት ሰፈር ሁሉ አሸዋና ሲሚንቶ አመላልስ ነበር። አፍሪካ አዳራሽ እየተገነባ ነበር፤ በ1953 ተመረቀ። ከተማው ዲፕሎማት፣ የአየር መንገድ ሰው፣ አስመጪ ነጋዴ፣ ከውጭ ተምሮ የመጣ ሹም ሞላበት፤ ሁሉም ቤት ፈለገ። አሁን አሮጌ የምትያቸውን ቤቶች የሠራነው ያኔ ነው።

፩. የምትሸጪው ቤቱን ነው

ሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ብሎ አጸናው። ስለዚህ ሻጭና ገዢ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄደው ሲፈርሙ፣ ውሉ የቤት ሽያጭ ውል ነው። በስልክና በካፌ የሚጠራው ግን ካሬው ነው። በሕግ የሚሸጠውን ቤት ከቁጥር አናስገባውም፤ በሕግ የማይሸጠውን መሬት ግን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም እንተምናለን። ይህ ነገር ስንት ዓመት እንቅልፍ እንደነሳኝ አትጠይቂኝ።

ይህን አነጋገር ከተማውን ያስለመድነው እኛ ደላሎች ነን። ባለቤቱም ገዢውም ከኛ ሰሙ። ባለቤቱ ቤቱ ዋጋ የለውም የተባለ ቀን ጣሪያውን ማስጠገን ያቆማል። ጣሪያው ካፈሰሰ በኋላ ደግሞ ቤቱ በእርግጥም ዋጋ ያጣል፤ እኛም ትክክል ነበርን እንላለን። ስለዚህ ሁለት ዋጋ መጥራት ልመጂ። አንደኛው ቤቱ እንደ ቤት ለሚኖርበት ሰው የሚያወጣው ነው፤ ይህን ዓይነት ቤት ዛሬ ከመሠረቱ ለመሥራት ስንት እንደሚፈጅ መሐንዲስ ጠይቀሽ ያዢ። ሁለተኛው የቦታው ነው። ሁለቱንም ለሻጭ ንገሪ።

፪. ዘመኑን እወቂ

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ካሠራበት ድርጅት ነው። የድርጅቱ ስም ባጭሩ ኢንቺስ ነበር፤ ካዛ ኢንቺስ ሲባል ሲባል ካዛንቺስ ሆነ። ፖፖላሬም ካዛ ፖፖላሬ ከሚለው የመጣ ነው። ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ያለው ዘመን ግን ሌላ ነው። አርቱሮ ሜዜዲሚ አፍሪካ አዳራሽንና ማዘጋጃ ቤቱን፣ ሄንሪ ሾሜት የንግድ ባንክን ክብ ሕንፃ፣ ዛልማን ኤናቭ ከኛው ሚካኤል ቴድሮስ ጋር የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ሕንፃና ፍልውኃን ነደፉ። ትልልቆቹን ሕንፃዎች የሠራው ግንበኛ፣ ብረት አጣፊና አናጢ ቅዳሜና እሑድ ቪላ ይሠራ ነበር። አዳራሽ ላይ የተማረውን እጁ ሳሎን ላይ ደገመው። ለዚህ ነው በዚያ ዘመን ቪላ ውስጥ ቀጭን የኮንክሪት ጥላ፣ ከግድግዳ ግድግዳ የተዘረጋ መስኮት፣ ያለ ድጋፍ የተንጠለጠለ ደረጃ የምታገኚው።

ፋሲል ጊዮርጊስና ዴኒስ ዤራር ስለ አዲስ አበባ የሥነ ሕንፃ ቅርስ ያዘጋጁት ትልቁ መጽሐፍ በፈረንጆች ከ1886 እስከ 1941 ያለውን ዘመን ይዞ እዚያ ያቆማል። ለዚያ ዘመን የሚገባው ሥራ ነው። የኛ ቪላዎች ግን ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው፤ ቅርስ ለመባል ልጅ፣ ለገበያ ደግሞ ሽማግሌ ሆነው መሐል ላይ ቀሩ። ዘመናዊ ሕንፃም ግን ቅርስ ይሆናል፤ አስመራ በ2009 በዩኔስኮ የተመዘገበችው በዘመናዊ ሕንፃዎቿ ነው። በኛ ከተማ ፒያሳና ካዛንቺስ በ2016 እና በ2017 በኮሪደር ልማቱ ሰፊ ክፍላቸው ሲነሳ አይተሻል። ከዚያ የተረፈው በቦሌ፣ በአሮጌው ኤርፖርት፣ በሳር ቤት፣ በጉለሌ በግለሰብ ግቢ ውስጥ ያለው ነው። እሱ ይኑር ወይም ይፍረስ የሚለው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው ደላላ በሚናገረው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ነው።

፫. ቤቱን ከላይ ወደ ታች እዪ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰጂ፤ ሙያው ያለው እዚህ ነው።

መጀመሪያ ጣሪያ ላይ ውጪ። የ1950ዎቹ ቪላ ጣሪያው ከፊት ሲያዩት ዝርግ ይመስላል፤ ከግንቡ ጀርባ ግን ቆርቆሮ ነው፤ አሸንዳውም ግንቡ ውስጥ ተደብቋል። አሸንዳው በባሕር ዛፍ ቅጠል ሲደፈን የሐምሌ ዝናብ ወደ ኮርኒሱ ይገባል፣ ከዚያ ግድግዳውን ይዞ ይወርዳል። ገዢ ሳሎን ገብቶ ጥቁር እርጥበት ሲያይ «ቤቱ አልቋል» ይላል። ቤቱ አላለቀም፤ አሸንዳው ሁለት የላስቲክ ባልዲ ሙሉ ቅጠል ይዟል። ይህን አሥር ጊዜ አይቻለሁ። አንድ ሰው በግማሽ ቀን የሚጠርገው ቅጠል ቤት ያስፈርሳል።

ቀጥሎ ስንጥቅ። በቦሌ በኩል ያለው ዋልካ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሸሻል። በዚህ ምክንያት ከመስኮት ጥግ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ታያለሽ። ሁሉም ስንጥቅ ክፉ አይደለም። ስንጥቁ ላይ በአግድም ጥቂት ጄሶ ለጥፊና ቀኑን ጻፊበት። ከክረምት እስከ በጋ ጄሶው ካልተሰበረ ግድግዳው ቆሟል ማለት ነው፤ ከተሰበረ አሁንም እየሄደ ነውና መሐንዲስ ጥሪ። ብዙ ጊዜ መነሻው ከመሠረቱ አጠገብ የሚፈስ ቧንቧ ወይም የተዘጋ ፍሳሽ ነው። የዚያ ዘመን ቧንቧ የብረት ነው፤ ከውስጥ ይዝጋል። በፒፒአር ይቀየር፤ የኤሌክትሪክ ሽቦውም ይቀየር። ባለቤቱ እንዲያውቀው አድርገሽ ወጪውን ለገዢ አስቀድመሽ ንገሪ። እውነቱን አስቀድሞ የሰማ ገዢ በኋላ አይሸሽም።

መስኮቱን አታስቀይሪ። ሻጮች ቤቱ «ዘመናዊ» እንዲመስል ከመሸጣቸው በፊት ቀጭኑን ብረት ነቅለው አሉሚኒየም ያስገባሉ። ያንን ብረት በብሩሽ አጽድተሽ አንቲረስት ቀብተሽ፣ የመስታወቱን ስቱኮ አድሰሽ ብታዪው፣ የሠራው ሰው ለምን ያን ያህል እንዳቀጠነው ይገባሻል፤ ብርሃን እንዳይሰርቅ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሌሊቱ ይበርዳል። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ፀሐይ በደቡብ በኩል ታልፋለች፤ ደህና ነዳፊ ሳሎኑንና በረንዳውን ወደዚያ አዞረው። ስለዚህ ገዢን ቤት ስታሳዪ ረፋድ ላይ ውሰጂው። ፀሐዩ ፓርኬው ላይ ሲተኛ ገዢው ራሱ ወንበር ይፈልጋል።

ፓርኬውን ታውቂዋለሽ፤ ተልጎ ቫርኒሽ ሲቀባ እንደ አዲስ ይሆናል። የእብነ በረድ ፍርፋሪ ያለበት ቴራዞም ካለ በላዩ ሴራሚክ እንዳይለጠፍ ለምኚ። የዛሬ ሴራሚክ ሲሰነጠቅ ሰባሪው ያወጣዋል፤ ቴራዞ ግን ስልሳ ዓመት ተረግጦ ገና ያበራል።

፬. ወረቀቱ

ካርታውን እዪ፤ የካርታው ካሬና መሬት ላይ ያለው ይመሳሰል እንደሆነ አስለኪ። የዚያ ዘመን ቤት ሁሉ 1967ን አልፏል፤ ትርፍ ተብሎ ተወርሶ እንደሆነ፣ የቀበሌ ወይም የኪራይ ቤት ሆኖ እንደነበር፣ ተመልሶም እንደሆነ የምትጠይቂው ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ነው። ከ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ወዲህ ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ ውጭ ሲተላለፍ ገዢው ወደ ሊዝ ይገባል፤ ይህን ገዢው ካንቺ ይስማ። ቤቱ በቅርስነት ከተመዘገበ ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ጥገናም ለውጥም አይነካም። የባለቤቶቹ ልጆች ዋሽንግተን ያሉ እንደሆነ ውክልናው በኤምባሲው በኩል ተረጋግጦ ይምጣ፤ በቴሌግራም የተላከ የውክልና ፎቶ ውል አይደለም።

፭. ያፈረስኩት ቤት

ይህን ለማንም አውርቼ አላውቅም። በሃያ ሁለት ዓመቴ አንድ ቪላ ውስጥ የሳሎኑን የእሳት ምድጃ በአምቦ ድንጋይ የገነባሁት እኔ ነበርኩ። ድንጋዩን ቀለሙን እየመረጥኩ ሦስት ቀን ወሰደብኝ፤ ቀዩን ከታች፣ ቢጫውን ከላይ። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ደላላ ሆኜ፣ ያው ቤት በእጄ ለሽያጭ መጣ። ገዢው ምድጃውን በእጁ ዳሰሰና «ይህንን የመሰለ ቤት ማን ያፈርሳል፣ ልጆቼን አሳድግበታለሁ» አለኝ። አመንኩት፤ ባለቤቶቹንም አሳመንኳቸው። ከእሱ ያነሰ ዋጋ አቅርቦ የነበረ፣ ቤቱን ለመዋዕለ ሕፃናት የፈለገ ሌላ ሰው ነበረ፤ መልሼ ላክሁት። ስም ከዞረ በሦስተኛው ሳምንት በዚያ ሳልፍ የግቢው አጥር ወድቆ ኤክስካቫተር ቆሟል። የምድጃዬ ድንጋይ ከፍርስራሹ ጋር ገልባጭ መኪና ላይ ተጭኖ ነበር።

ጥፋቱ የኔ ነው። የሰውየውን አፍ ሰማሁ እንጂ ፍላጎቱን አልጠየቅሁም። ስንት ክፍል ትፈልጋለህ፣ ስንት መኪና ታቆማለህ፣ ከባንክ ስንት ልትበደር ነው፣ ለምን ሥራ ብዬ ብጠይቀው ኖሮ ባለአምስት ፎቅ እንዳሰበ ይገባኝ ነበር። አንቺ ጠይቂ። ሻጭም ቤቱ እንዲቆም ከፈለገ ቃል አይበቃውም፤ ሕግ አዋቂ ያርቅቀውና ውሉ ላይ ይጻፍ።

፮. ቤቱ የሚበቃውን ሰው ፈልጊ

አፍራሽ ገዢ ቶሎ ይከፍላል፤ ኮሚሽንሽም ቶሎ ይመጣል። ፈተናው ይህ ነው፤ እንደሌለ አላስመስልልሽም። ነገር ግን ቤቱን እንደ ቤት የሚፈልግ ሰው አለ፣ ፍለጋ ነው የሚጠይቀው። ከውጭ ተመልሶ በልጅነቱ ያደገበትን ዓይነት ግቢ የሚፈልግ አለ። መዋዕለ ሕፃናት፣ ክሊኒክ፣ የሥነ ጥበብ ማሳያ፣ የቡና ቤት፣ የድርጅት ቢሮ የሚከፍት አለ፤ ሰፊ ሳሎን፣ በረንዳና ዛፍ ያለው ግቢ ለነዚህ ሁሉ ይሆናል።

ተጨማሪ ቦታ ለሚፈልግ ደግሞ ይህን አሳዪው፦ ቪላው ከፊት ነው፣ ሰርቪሱ ከኋላ። የሚፈርስ ነገር ካለ ሰርቪሱ ይፍረስ፤ ፎቁ እዚያ ይቁም፤ ቪላው ፊቱን ይዞ ይቅር። ይህን ከማለትሽ በፊት ግን ክፍለ ከተማ ሄደሽ ፕላኑን እዪ፤ መንገድ ይነካው እንደሆነ፣ ዋና መንገድ ዳር ከሆነም ፕላኑ ዝቅተኛ የወለል ብዛት ያስቀምጥ እንደሆነ አረጋግጪ። ፕላኑ የማይፈቅደውን ተስፋ ለሽማግሌ ሻጭ መስጠት ጭካኔ ነው።

፯. መፍረሱ ካልቀረ

አንዳንዱን አታድኚውም። ያን ጊዜ ቢያንስ ለኪ፤ በሜትር ለክተሽ የክፍሎቹን ንድፍ በወረቀት አውጪ፣ እያንዳንዱን ጥግ ፎቶ አንሺ፣ ማን እንደነደፈውና በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተሠራ ባለቤቶቹን ጠይቀሽ ጻፊ። ከዚያ የዝግባውን በር፣ ፓርኬውን፣ የመስኮቱን ብረት፣ የአምቦውን ድንጋይ በጥንቃቄ የሚያወርድ አናጢ ይግባ። አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ምናለሽ ተራ ከመድረሱ በፊት ሌላ አሮጌ ቤት የሚጠግን ሰው ይፈልገዋል። እኔ በር ካወረድኩባቸው ቤቶች የአንዱ እንኳ ፎቶ የለኝም።

፰. የወይዘሮዋ ቤት

አሁን ወደ ማክሰኞው እንመለስ። ቤቱ ኤል ቅርጽ ነው፤ ሳሎኑ ወደ ደቡብ ይመለከታል፤ መስኮቶቹ ሁሉም የጥንቱ ናቸው። ከመኝታ ቤቱ ጥግ እርጥበት አለ፤ እኔ በአሸንዳው እጠረጥራለሁ። ለገዢው ደውዪና ቀጠሮውን ወደሚቀጥለው ሳምንት አሻግሪው። ወይዘሮዋን በልጃቸው ፊት ሳይሆን ለብቻቸው አግኝተሽ ምን እንደሚፈልጉ ጠይቂያቸው፤ እስካሁን የጠየቃቸው የለም።

ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሰዓት ግቢው በር ላይ እጠብቅሻለሁ። መሰላል፣ ሜትር፣ ጥቂት ጄሶና ሁለት ባልዲ ይዘሽ ነይ። እኔ አሁን ጣሪያ መውጣት አልችልም፤ አንቺ ትወጫለሽ፣ እኔ ከታች ሆኜ የት እንደምትጠርጊ እነግርሻለሁ።