በያይነቱ ላይ ስንት ጥራጥሬ አለ? ስለ ዊንጌት አካባቢ የጾም ምግብ

ከጳውሎስ ሆስፒታል ተነስቶ ወደ ዊንጌት የሚመጣ ሰው፣ ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ፣ በየምግብ ቤቱ በር ላይ የሚያነበው አንድ ነገር ነው፤ «የጾም አለ» ይላል። ምን ምን እንዳለ አይዘረዝርም፣ መዘርዘርም አያስፈልገውም። የገባ ሁሉ በያይነቱ ወይም ተጋቢኖ እንደሚያዝ ይታወቃል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማየት የምሞክረው ይህንኑ በያይነቱ ነው። ጥያቄዬ ስለ ጾሙ ሥርዓት አይደለም፤ ትሪው ላይ ስለሚቀርበው ነገር ነው። በቀን አንዴ ብቻ ጠገብ አድርጎ ለሚበላ ተማሪ ይህ ትሪ ይበቃዋል ወይ?

መጀመሪያ ስለ ስሙ ትንሽ እንበል። በውጭው ዓለም ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የማይበላ ሰው «ቪጋን» ይባላል። ቃሉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1944 እንግሊዝ አገር ዶናልድ ዋትሰንና ጓደኞቹ ማኅበራቸውን ሲመሠርቱ ነው። (በነገራችን ላይ ሰፈራችን የሚጠራበት እንግሊዛዊው ጄኔራል ኦርድ ዊንጌት በአውሮፕላን አደጋ የሞተውም በዚያው በፈረንጆች ዓመት ነው።) ዛሬ እንዲህ ያለው አመጋገብ በትልልቅ ከተሞች፣ በተለይም አዲስ ነገር የሚወድ ወጣት በሚበዛባቸው ሰፈሮች፣ ራሱን የቻለ ንግድ ሆኗል። የሚገርመው ከዚያ ገበያ አንዱን ጥግ የያዘው የእኛው የጾም ምግብ ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ብሩክሊን፣ ቡሽዊክ በሚባለው ሰፈር ቡና ካፌ፣ ክራውን ሃይትስ በሚባለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ራስ ፕላንት ቤዝድ የሚባል ቤት ተከፍተው ምስሩንና ሽሮውን፣ ጎመኑንና ክኩን በእንጀራ አድርገው ለፈረንጁ አቅርበዋል።

እዚያና እዚህ ግን ነገሩ አንድ አይደለም። እዚያ ተመጋቢው ራሱ መርጦ ነው፣ ከመረጠ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ነው። እዚህ የሚመርጠው የቀን መቁጠሪያው ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ የገና ጾም ከኅዳር 15 ይጀምራል፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፣ የሰኔ ጾም እንደ ፋሲካው አዋዋል ይረዝማል ያጥራል፣ ነነዌ ሦስት ቀን ነው፣ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ በየሳምንቱ አሉ። ሁሉም ሲደመር ለአብዛኛው ምእመን ከ180 ቀን በላይ፣ ሁሉንም ለሚጾም እስከ 250 ቀን እንደሚደርስ ይገመታል። እንግዲህ የምግብ ቤቱ ባለቤት ሽንኩርት የሚገዛው፣ ሽሮ የሚያስፈጨው፣ ድስት የሚለየው በዚህ አቆጣጠር ነው።

ድስት መለየት ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። ለጾመኛው ዋናው ነገር ሥጋ አለመኖሩ ብቻ አይደለም፤ ቢላውና መክተፊያው ጥብስ አልነካም ወይ፣ ዘይቱ እንቁላል አልተጠበሰበትም ወይ የሚለውም ነው። ይህንን ገብቶ ማየት አይችልም። የሚገዛው እምነት ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ይመስለኛል በሁዳዴ ወቅት ሰው የለመደው ቤት ብቻ የሚሄደው፣ ዋጋው ጥቂት ቢበልጥም እንኳ።

ታዲያ በያይነቱን የሚበላው ጾመኛ ብቻ ነው? አይደለም። ሙስሊሙም ፕሮቴስታንቱም ይበላዋል፣ ከሥጋ ወጥ ይረክሳልና። ጳውሎስ ለሕክምና ከክፍለ ሀገር የመጣ አስታማሚም ይበላዋል። ሐኪም ቅባት ቀንስ ያለውም ይበላዋል። እነዚህ ሰዎች የሚቸገሩት ከትንሣኤ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ነው፤ ያኔ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። በእነዚያ ሳምንታት «የጾም አለ?» ብሎ የጠየቀ ሰው አስተናጋጇ «እንዴ፣ ፋሲካ አይደል እንዴ!» ትለዋለች። የጾም ድስቱ ወርዶ ተሰቅሏል። ሽሮ ቢገኝም ቅቤ የገባበት ነው። ኪሱ የማይፈቅድለት ሰው ግን በፋሲካም ኪሱ ያው ነው።

አሁን ወደ ትሪው እንምጣ። አንድ ተራ በያይነቱ ላይ ብዙ ጊዜ ምስር፣ ክክ አልጫ ወይም ሽሮ፣ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን በካሮት፣ ድንች፣ ቀይ ሥር፣ ፎሶሊያ፣ ሰላጣ ይገኛል። ሲያዩት ቀለሙ ደስ ይላል፣ ሞላ ያለም ይመስላል። ነገር ግን ፕሮቲኑን የተሸከሙት ሁለቱ ወይም ሦስቱ ብቻ ናቸው። ደረቅ ጥራጥሬ ከ100 ግራሙ ከ20 እስከ 25 ግራም ፕሮቲን አለው። የበሰለ ጥቅል ጎመን ከ100 ግራሙ ከ1 ግራም ብዙ አይበልጥም፣ የተቀቀለ ድንች 2 ግራም ቢሆን ነው። ስለዚህ ትሪው ላይ ጎመንና ድንች በጨመሩ ቁጥር ትሪው ይሞላል እንጂ ሰውየው አይበረታም።

ትንሽ ሒሳብ እናስላ። 60 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ በቀን 50 ግራም ያህል ፕሮቲን ያስፈልገዋል። 60 ግራም የሽሮ ዱቄት የገባበት ተጋቢኖ 12 ግራም ያህል ይሰጠዋል። የጤፍ እንጀራው፣ ትልቅ ከሆነ፣ ወደ 10 ግራም ይጨምርለታል። ይህ 22 ነው፣ ከግማሽ በታች። በያይነቱ ከሆነ ደግሞ 30 ግራም ምስርና 30 ግራም ሽሮ ቢኖርበት ያው እዚያው አካባቢ ነው። አንድ ማንኪያ ምስርና አንድ ማንኪያ ቀጭን ሽሮ ጣል ተደርጎ ቀሪው ድንችና ቀይ ሥር ከሆነ ግን ከእንጀራው በቀር የረባ ነገር የለም። ዋጋው ግን አንድ ነው!

የእንጀራና የሽሮ ጋብቻ በራሱ ግሩም ነገር መሆኑን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። እህል ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፣ ጥራጥሬ ደግሞ ሜታዮኒን ያንሰዋል። አብረው ሲበሉ አንዱ የሌላውን ይሞላል። እናቶቻችን ይህን ላቦራቶሪ ሳይገቡ አውቀውታል። ቁጥሩን በቁጥር ማየት የሚፈልግ ተማሪ ካለ፣ የአገራችን ምግቦች ይዘት ሠንጠረዥ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሲዘጋጅ የቆየው ሰፈርተኛው አሁንም ፓስተር በሚለው፣ በዚሁ በጉለሌ ባለው የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና እርሱን በቀደመው የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ነው። ሩቅ አይደለም።

ጥራጥሬው ከትሪው ላይ ለምን አነሰ? አንደኛው ምክንያት ግልጽ ነው፣ ዋጋ። ሁለተኛው ግን ጊዜ ነው፣ እኔም ይበልጥ የማተኩረው እሱ ላይ ነው። የድሮው የጾም ገበታ ላይ እልበት ነበር፣ ስልጆ ነበር፣ አዚፋ ነበር፣ የሽምብራ ዓሣ ነበር። ስልጆ የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውሃ በስሎ፣ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳምም ገብቶበት ለቀናት የሚብላላ ነው። የሽምብራ ዓሣ ዱቄቱ ተቦክቶ፣ በዓሣ መልክ ተቆርጦ፣ ተጠብሶ ነው ወጥ ውስጥ የሚገባው። እነዚህ ሁሉ ጥራጥሬ ናቸው፣ ሁሉም እጅ ይፈልጋሉ። ምሳ ሰዓት ላይ መቶ ሰው የሚያስተናግድ ወጥ ቤት ግን ድንች ልጦ መቀቀል ይቀለዋል። ምግቡ የጠፋው ሰው ስላልወደደው ሳይሆን የሚሠራው ስለታጣ ነው ባይ ነኝ።

ከዋጋ ጋር የተያያዘ አንድ ከበድ ያለ ነገርም አለ፣ ጓያ። ጓያ ድርቅ የሚችልና ርካሽ ስለሆነ ሽሮ ውስጥ ሊቀላቀል ይችላል። በብዛትና ለወራት ከተበላ ግን በውስጡ ያለው መርዝ እግርን ሽባ ያደርጋል፣ የሚመለስም አይደለም። እህሉ እንዳለ ሲሆን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል። ከተፈጨ በኋላ ግን የሚደፋ ውሃ የለም፣ ሁሉም ድስት ውስጥ ነው። ስለዚህ ሽሮ ሲገዛ «ከምን ከምን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ከተቻለም እህሉን ራስ ገዝቶ፣ ለቅሞ ማስፈጨት ይሻላል።

ስለ ብረት ማዕድን ባጭሩ። ጤፍም ምስርም ብረት አላቸው፣ ሆኖም ፋይቴት የሚባለው ንጥረ ነገር ይዞ አይለቀውም። ሊጡ በእርሾ በደንብ ሲቦካ ይህ ይቀንሳል፤ ቶሎ ቶሎ የሚጋገር ያልቦካ እንጀራ በጣዕም ብቻ አይደለም የሚያንሰው። ሎሚ ወይም ቃሪያ አብሮ መብላት ይረዳል። ከምሳ ላይ ወዲያው የሚጠጣ ሻይና ቡና ደግሞ ይጎዳል። ቡናውን ሰዓት ያህል ማቆየት ይሻላል (ይህን ለኢትዮጵያዊ መናገር ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ)።

ቫይታሚን ቢ12 ደግሞ ከዕፅዋት አይገኝም። ጉበት ግን ለረጅም ጊዜ፣ እስከ ዓመታት ድረስ የሚሆን ያጠራቅማል። ጾሞ የሚፈታ ሰው በፍስክ ወቅት ወተቱን፣ እንቁላሉንና ሥጋውን ሲበላ ይተካዋል። የሚያሰጋው ጾሙ አልነበረም። የሚያሰጋው ፍስክ የሌለው ሰው ነው፣ ማለትም ኑሮ ዓመቱን ሙሉ ያጾመው። በብሩክሊኑ ቪጋንና በእኛው የቀን ሠራተኛ መካከል ትሪው አንድ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ግን የቢ12 ኪኒኑን ከፋርማሲ ገዝቶ ነው የሚበላው።

ከዚህ ተነስቼ ለትምህርት ክፍላችን የማቀርበው ሐሳብ አለኝ። የጾም ምግብ በተግባር ትምህርት ውስጥ «ሥጋ የሌለበት» ተብሎ በአንድ ቀን የሚታለፍ ሳይሆን ራሱን የቻለ የሙያ ዘርፍ ቢሆን፣ በፍስክም ድስቱ ቢጣድ፣ ተማሪውም አንድ ሰው ትሪ ላይ ስንት ግራም ጥራጥሬ እንዳስቀመጠ መዝኖ ቢያስመዘግብ ጥሩ ነው። ከእልበት መጀመር ይቻላል። የባቄላ ዱቄት፣ ትንሽ አብሽ፣ ውሃና የማይደክም ክንድ ነው የሚፈልገው፣ አንድ ጠዋት ይበቃዋል። ስልጆው ደግሞ ሰኞ ከተጀመረ ለዓርብ ምሳ ይደርሳል።