ተወዳጇ መኪና በየዕለቱ ትነዳ ወይስ ትቀመጥ?

በሽንፋ ከተማ የሚኖር አንድ የሰሊጥ ነጋዴ አለ እንበል። ምርቱ በሰመረለት ዓመት ካገኘው ገንዘብ ላይ ቆጥቦ ከአዲስ አበባ ቱርቦ ያላት፣ ዝቅ ያለችና ፈጣን የሆነች መኪና ገዝቷል። ከግቢው ውስጥ በሸራ ሸፍኖ ያስቀምጣታል፤ ለጥምቀት፣ ለሠርግና ለአንዳንድ ትልልቅ ጉዳዮች ካልሆነ በቀር አያወጣትም። ታናሽ ወንድሙ ግን «ጋሼ፣ መኪና የተሠራው ሊነዳ ነው፤ ካልነዷት ቆማ ትሞታለች» እያለ ይሞግተዋል። ነጋዴው በበኩሉ «በዚህ አቧራ በየቀኑ ብነዳት ዓመት አትሞላም» ሲል ይመልሳል።

ክርክሩ የቤተሰብ ጨዋታ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ የሚጣለውን ታክስ እጅግ ከፍ አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። ስለዚህ የነጋዴው መኪና አንዴ ከተበላሸች ምትኳን ማግኘት ቀድሞ እንደነበረው ቀላል አይሆንም። ለመሆኑ ከሁለቱ ወንድማማቾች ሳይንስ የሚደግፈው የትኛውን ነው?

ሁለት ዓይነት እርጅና

አንዲት መኪና በሁለት መንገድ ታረጃለች። አንደኛው በርቀት የሚለካው እርጅና ነው። ብረት ከብረት ሲፋተግ፣ ጎማ ከመንገድ ሲጋጭ፣ የፍሬን ሸራ ሲያልቅ የሚታየው ማለት ነው። ሁለተኛው በጊዜ የሚለካው ነው፤ ይኸውም መኪናዋ ብትሄድም ባትሄድም ጎማው፣ ዘይቱ፣ ቤንዚኑና ባትሪው ውስጥ የሚካሄደው ኬሚካላዊ ለውጥ ነው። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው የሚመዘግበው የመጀመሪያውን ብቻ ስለሆነ፣ ብዙ ሰው ሁለተኛውን ይዘነጋል። «አርባ ሺህ ብቻ ነው የሄደችው» ተብላ የምትሸጥ የሃያ ዓመት መኪና ገዢዋን የምታሳዝነው በዚህ ምክንያት ነው።

ስዊድናዊው ኬሚስት ስቫንቴ አሬኒየስ በ1889 እ.ኤ.አ. የሙቀት መጠንና የኬሚካላዊ ለውጥ ፍጥነት እንዴት እንደሚዛመዱ የሚያሳይ ቀመር አቅርቦ ነበር። ከቀመሩ በግምት የሚገኘው፣ የኬሚስትሪ ተማሪዎች ሁሉ የሚያውቁት ልማዳዊ ስሌት፣ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር የብዙ ለውጦች ፍጥነት በእጥፍ ገደማ ያድጋል የሚል ነው። ይህን ወደ መተማ ቆላ እናምጣው። በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ በሚደርስበት አገር የቆመች መኪና፣ 20 ዲግሪ በሆነው የጎንደር አየር ከቆመች እኅቷ ጋር ስትነጻጸር፣ በጊዜ የሚለካው እርጅናዋ አራት እጥፍ ያህል ሊፈጥን ይችላል ማለት ነው። ይህ በጥላ ስር ያለችውን ነው። በፀሐይ ላይ መስኮቷ ተዘግቶ የቆመች መኪና ውስጥ ያለው ሙቀትማ ከ60 ዲግሪ በላይ ይደርሳል።

እንግዲህ ነጋዴው «አስቀምጬ አተርፋታለሁ» ሲል የኪሎ ሜትሩን ሰዓት አቁሞ የሙቀቱን ሰዓት ግን ክፍት ትቶታል።

በሸራው ስር ምን ይካሄዳል?

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው ባትሪው ነው። የዘመናዊ መኪና የማንቂያ ደወል፣ ሰዓትና ኮምፒውተር ሞተሩ ጠፍቶም ጥቂት ኤሌክትሪክ ይወስዳሉ። መጠኑ 40 ሚሊ አምፒር ነው ብንል በ24 ሰዓት ውስጥ 1 አምፒር-ሰዓት ገደማ ይሆናል። ባትሪው 45 አምፒር-ሰዓት የሚይዝ ከሆነ ከሦስት ሳምንት ጥቂት ባለፈ ጊዜ ግማሹ አልቋል። ሙቀቱ የሚያስከትለው ራስ በራስ መድከም በዚህ ላይ ይጨመራል። በደከመ ባትሪ ውስጥ በእርሳሱ ሳህን ላይ የሚፈጠረው የእርሳስ ሰልፌት እየጠነከረ ሲሄድ፣ ኋላ ቻርጅ ቢደረግም ሙሉ በሙሉ አይሟሟም። ባለሙያዎች «ባትሪው ሞቷል» የሚሉት ይህን ነው። መፍትሔው ግን ርካሽ ነው፤ የባትሪውን ነጌቲቭ ገመድ መንቀል።

ቤንዚንም ቢሆን ዘላለማዊ ፈሳሽ አይደለም። በቀላሉ የሚተኑት ክፍሎቹ ቀድመው ይሄዳሉ፤ ሞተር በቀላሉ እንዲነሳ የሚረዱት ደግሞ እነርሱ ናቸው። የቀረው ከኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ሙጫ መሰል ነገር ይፈጥርና የነዳጅ መርጫዎቹን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ደግሞ ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። በአገራችን በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 5 ከመቶ ኤታኖል መቀላቀል በተጀመረበት ጊዜ በየዕለቱ ለሚነዱ መኪኖች ይህ ችግር አልነበረም፤ ነዳጁ ከመክረሙ በፊት ይቃጠላልና። ችግሩ የሚመጣው ሰልባትዮው ውስጥ ወራት ሲያድር ነው።

ጎማን በተመለከተ አንባቢ ራሱ ሊሠራው የሚችል ሙከራ አለ። በጎማው ጎን ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ በኋላ የሚገኙትን የመጨረሻዎቹን አራት አኃዞች ይመልከት። 2319 ቢል ጎማው የተሠራው በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ዕድሜው አሥር ዓመት የሞላው ጎማ በእኔ አስተያየት ጥርሱ ካለቀው ይልቅ አደገኛ ነው፤ ያለቀው ያስታውቃል፣ ያረጀው ግን በፍጥነት መካከል ነው የሚፈነዳው።

ወንድሙስ የማያየው ምንድን ነው?

እስካሁን የታናሽየው ሐሳብ ያሸነፈ ይመስላል። ነገር ግን «በየቀኑ» የሚለው ቃል መመርመር አለበት። ሽንፋ ትንሽ ከተማ ናት። ከቤት እስከ ገበያ፣ ከገበያ እስከ ሰሊጥ መጋዘን ያለው ርቀት አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውኃ ይወጣዋል። የማያምን ተማሪ የኦክቴንን የመቃጠል ቀመር አስተካክሎ ያስላው፤ 114 ግራም ኦክቴን 162 ግራም ውኃ ይሰጣል። ሞተሩ በሚገባ ሲግል ይህ ውኃ በእንፋሎትነት ይወጣል። በሁለት ኪሎ ሜትር ጉዞ ግን ከፊሉ በማርሚታው ውስጥ ቀርቶ ብረቱን ያዝጋል፤ ጥቂቱም በፒስተን ፋሻ አልፎ ከሞተር ዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ጠዋት ጠዋት ግቢ ውስጥ አስነስቶ አምስት ደቂቃ አቁሞ «ማሞቅ»ም ከዚሁ የተሻለ ውጤት የለውም።

እዚህ ላይ ግን ለቆላው አንድ ምስጋና እናቅርብ። ከአውሮፓ የመጡ የመኪና መጻሕፍት አጥብቀው የሚያስጠነቅቁት ስለ ክረምት ብርድና በመንገድ ላይ ስለሚበተነው ጨው ነው። በሽንፋ ጨው የለም፤ የጠዋቱ ዘይትም እንደ ደባርቅ አይወፍርም። ስለዚህ የውጭ አገሩን ምክር እንዳለ መቅዳት አያዋጣም። የእኛ ጠላት ሌላ ነው።

እርሱም አቧራ ነው። ባለ ሁለት ሊትር ሞተር በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ አየር ይሞላል። በደቂቃ 3000 ዙር ቢዞር 3000 ሊትር፣ በሰዓት 180 ሜትር ኩብ አየር ይስባል። ይህም ወርዱ 5፣ ርዝመቱ 6፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ክፍል የሚይዘውን አየር ሁለት ጊዜ መዋጥ ነው፤ ቱርቦ ሲኖር ደግሞ ይጨምራል። በዋልካው አፈር አቧራ ውስጥ ያለው የኳርትዝ ደቃቅ ከሲሊንደሩ ብረት ይልቅ ይጠነክራል። ወጣቶች ለድምፁ ሲሉ የሚገጥሙት ክፍት የሆነ «ስፖርት» ፊልትሮ አየር በቀላሉ የሚያሳልፈውን ያህል ደቃቁንም በቀላሉ ያሳልፋል። በአቧራማ መንገድ ፋብሪካው የሠራው የወረቀት ፊልትሮ ይሻላል፤ ከአይሱዙ ኋላ ተጠግቶ አለመንዳትም ከማንኛውም ፊልትሮ ይበልጣል።

ሌላው ጉዳይ ከፍታ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2100 ሜትር በላይ ላይ ስትገኝ የመተማ ቆላ 700 ሜትር ገደማ ነው። የአየር ግፊቱንና ሙቀቱን አስገብተን ብናሰላ፣ በ40 ዲግሪ የሚገኘው የቆላ አየር በ20 ዲግሪ ከሚገኘው የጎንደር አየር 11 ከመቶ ያህል ጥቅጥቅ ያለ ነው። በመሆኑም መኪናዋ ወደ ቆላ ስትወርድ ትበረታለች፤ ሹፌሮች ይህን ያለ ስሌት ያውቁታል። ዋጋው ግን አለ። ኮምፕሬሽኗ 10 ለ 1 በሆነ ሞተር ውስጥ በ20 ዲግሪ የገባ አየር ሲጨመቅ ወደ 380 ዲግሪ ይደርሳል፤ በ40 ዲግሪ የገባው ግን ወደ 430 ይጠጋል። መግቢያው ላይ የነበረው የ20 ዲግሪ ልዩነት መጨረሻው ላይ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ቤንዚኑ ካንዴላው ከሚያቀጣጥለው ክፍል ውጭ በራሱ ጊዜ ሲፈነዳ የሚሰማው ማንኳኳት የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ፒስተንን የሚበሳም እርሱ ነው። ኦክቴኑ ዝቅ ያለ ቤንዚን በተቀዳ ቀን እኩለ ቀን ላይ ቱርቦውን እስከ መጨረሻ መርገጥ መኪናዋን ሳምንት ሙሉ ከመንዳት የበለጠ ይጎዳታል።

ቁልቁለቱንም እናስላው። 1300 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና 1400 ሜትር ስትወርድ የምታጣው ኃይል ከ50 ሊትር በላይ ውኃ ከ20 ዲግሪ አንስቶ ለማፍላት ይበቃል። በማርሽ ካልተያዘች ከዚህ አብዛኛው ወደ ፍሬኑ ይሄዳል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከዓመት ዓመት እርጥበት ይጠጣል፤ አዲስ ዶት 4 ከ230 ዲግሪ በታች የማይፈላ ሲሆን እርጥበት የጠጣው በ155 ሊፈላ ይችላል። ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ለወራት ቆማ የከረመች መኪና ለሠርግ ተብላ በድንገት ወደዚህ ቁልቁለት ስትወጣ የሁለቱም ዓይነት እርጅና ዕዳ በአንድ ቀን ይጠየቃል።

ታዲያ ስንት ጊዜ?

መለኪያው ቀን ሳይሆን ግለት ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ዘይቱም እስኪግል ድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ፣ አየሩ ሳይግልና አቧራው ሳይነሳ በማለዳ መንዳት ለነጋዴው መኪና ከሁለቱም ወንድማማቾች ሐሳብ ይሻላታል። ለገበያው ባጃጅ አለ። በርቀት የሚመጣው እርጅና ቢያንስ ለባለቤቱ ጉዞንና ደስታን ሰጥቶት ያልፋል፤ በጊዜ የሚመጣው ግን ምንም አይሰጠውም። በዚህ ረገድ እኔ ወደ ታናሹ አደላለሁ።

ክረምቱ ግን ለሁለቱም ምርጫ አይሰጥም። ከሰኔ ጀምሮ ዋልካው ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥ ዝቅ ያለች መኪና ከአስፋልት ውጭ አትንቀሳቀስም። በቅርብ ዓመታት በክልሉ በተከሰተው ግጭት መንገድ ሲዘጋም እንዲሁ ነው። እንግዲያው ከመቆሟ በፊት የሞተር ዘይቱ ይቀየር፤ አሮጌው ዘይት የያዘው አሲድና ውኃ ኩሽኔታውን ሲበላ እንዳይከርም። ሰልባትዮው ይሞላ፤ እርጥብ አየር የሚገባበት ባዶ ቦታ እንዳይኖር። ጎማው ከወትሮው ጠንከር ብሎ ይነፋ፣ ባትሪው ይነቀል። ሸራው መሬት አይንካ፤ ከስር አየር ይግባ። ከሰሊጥ መጋዘኑ ራቅ ተደርጋ ትቁም፤ አይጥ የኤሌክትሪክ ገመድ ላስቲክ ይወዳል። በጥቅምት ስትነሳ ደግሞ ቁልፉ ከመዞሩ በፊት ኮፈኑ ተከፍቶ የአይጥ ጎጆ አለመኖሩ ይታይ፣ ፍሬኑም ግቢ ውስጥ ሁለት ሦስቴ ተረግጦ ይሞከር።