መልሱን አስቀድሞ ያወቀ አሸናፊ

ሁሉም የሚደሰትበት ማታለል ማንን ይጎዳል? በአሜሪካ በ1956 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የጀመረው «ሃያ አንድ» የተባለው የቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድር ያስተምረናል።

ተወዳዳሪዎቹ ድምፅ በማያስገባ ጠባብ ክፍል ቆመው፣ ላባቸውን እየጠረጉ፣ በጭንቀት አስበው ይመልሱ ነበር። ተመልካቹ ያላወቀው አዘጋጆቹ መልሱን አስቀድመው እንደሚነግሯቸው፣ ላብ አጠራረጉን ሳይቀር እንደሚያለማምዷቸው ነው። ኸርበርት ስቴምፕል አሳምሮ የሚያውቀውን የፊልም ስም ሆን ብሎ እንዲሳሳት ታዘዘ፤ ተሳሳተም። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው መምህር ቻርልስ ቫን ዶረን በቦታው ገብቶ በጠቅላላው 129,000 ዶላር አሸነፈ።

ሆኖም እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ቫን ዶረን በ1959 በአሜሪካ ምክር ቤት አባላት ፊት ማታለሉን አመነ፤ ዩኒቨርሲቲውንም ለቀቀ። በ1960 እንዲህ ያለው ማጭበርበር በሕግ ተከለከለ።

እኛን መምህራንን የሚያሳዝነን ሰውየው በእርግጥ የተማረ መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ግን የቱ መልስ የራሱ እንደነበረ ማን ያምነዋል? ኩረጃም እንዲሁ ነው፤ ተማሪው በትክክል የሚያውቀውን ጭምር ያስጠረጥርበታል።

ለውይይት፦ በስቴምፕል ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ከወላጆቻችሁ ጋር ተነጋገሩበት።