አምፖሏ እምቢ ስትል

እስቲ ከትምህርት በኋላ ለምታሠሪው የሳይንስ ክበብ ያወጣሽውን ዕቅድ አምጪው። አዎ፣ ያንን በሦስት ቀለም እስክሪብቶ ያሳመርሽውን። ማክሰኞ የኤሌክትሪክ ሰርኪት፣ ሐሙስ ማግኔት፤ ይሁን፣ ጥሩ ነው። ከሥሩ ያለው ምንድን ነው? «ማኅበራዊና ስሜታዊ ክህሎት፣ 20 ደቂቃ፣ ገለጻ።» እሷን ሰርዣት የኔ ቆንጆ። ልጆቹ ከጠዋት ጀምሮ ገለጻ ሲሰሙ ውለው 9 ሰዓት ተኩል ላይ ነው አንቺ ጋ የሚመጡት። ደግሞ ቁጭ ብለው ስለ ትዕግሥት ሊሰሙ? ግማሾቹ ያንቀላፋሉ፤ የቀሩት አንቺ የምትወጂውን መልስ አሳምረው ይነግሩሻል። «ትዕግሥት ጥሩ ነው፣ ሚስ!» ከዚያ ሽቦው ሲታደል አንዱ ካንዱ እጅ ይነጥቃል።

ዝም ብለሽ ሙከራ አሠሪ፣ ጠባዩ በራሱ ይመጣል ማለቴ ግን አይደለም። እሱም አይሠራም። በ2010 እ.ኤ.አ. ጆሴፍ ዱርላክና ባልደረቦቹ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በሚሰጡ ፕሮግራሞች ላይ የተደረጉ ጥናቶችን ሰብስበው መርምረው ነበር። ለውጥ ያመጡት አራት ነገር ያሟሉት ሆነው ተገኙ፦ ደረጃ በደረጃ የሚሄዱ፣ ልጁ ራሱ እየሠራ የሚለማመድባቸው፣ ለጉዳዩ ጊዜ የመደቡ፣ የሚፈልጉትን ችሎታ ደግሞ በስሙ የጠሩ። በቀሩት ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ስለዚህ ለየቀኑ አንድ ችሎታ ብቻ ምረጪና ከሙከራው በፊት በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሪያቸው፦ «ዛሬ አልሳካ ሲለን ምን እንደምናደርግ እንለማመዳለን።» በቃ፣ ወደ ሥራ። ሲያልቅ ደግሞ አምስት ደቂቃ ቁጭ ብላችሁ እንዴት እንደነበር ተነጋገሩ። የሰረዝሻት 20 ደቂቃ እንዲህ ተበትና ትገባለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ እጅሽን ሰብስቢ። ቀይ ኤልኢዲ፣ ያቺን ባለ ሁለት እግር ትንሽ አምፖል፣ ታድያቸዋለሽ እንበል። አንድ የባትሪ ድንጋይ 1.5 ቮልት ነው፤ ኤልኢዲዋ ወደ 2 ቮልት ገደማ ትፈልጋለች፣ ስለዚህ በአንድ ድንጋይ አትበራም። ሁለት ቀጥለውም እግሮቿን ካገላበጡባት አሁንም እምቢ ትላለች፤ ረጅሙ እግር ወደ ፖዘቲቩ ነው መሄድ ያለበት። (እንዳትቃጠል 100 ኦም ሬዚስተር መሀል ላይ አስገቢ።) ይህን ሁሉ አንቺ ታውቂያለሽ፣ ልጁ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው የጎን ቡድን አምፖል መብራቷን ነው። ፊቱን እዪው። መጀመሪያ ያየው ሰው እንዳለ ዙሪያውን ይቃኛል። ቀጥሎ ሽቦውን በአውራ ጣቱ አጥብቆ ይጫነዋል፤ ጥፋቱ የሽቦው ይመስል። ከዚያ «ሚስ፣ ይቺ ተቃጥላለች፣ ሌላ ስጪኝ» ይላል። አንቺ ደግሞ ደግ ነሽ፣ እጅሽ ይበላሻል፤ ጎንበስ ብለሽ እግሮቿን ገልብጠሽ ታበሪለታለሽ። እንዳታደርጊው እናቴ። አምፖሏ ትበራለች፣ ልጁ ግን «እኔ አልችልም፣ ሚስ ትችላለች» የሚለውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ይልቅ ከጎኑ ቁጢጥ በይና ጠይቂው። ምን አየህ? እስካሁን ምን ሞከርክ? አሁን አንድ ነገር ብቻ ቀይር ብትባል ምኑን ትቀይራለህ? ሦስተኛዋን ጥያቄ አጥብቀሽ ያዢያት። ሳይንስም እሷ ናት፤ የተናደደ ልጅ ደግሞ ሁሉንም ባንዴ ከመነቃቀል ወደ አንድ ነገር የሚመለሰው በእሷ ነው። ንዴቱንም አትለፊው፤ «አናደደችህ አይደል?» ብትዪው ይበቃል። «አይዞህ፣ ቀላል ነው» ግን አትበዪ። ቀላል ነው ያልሽው ነገር እምቢ ካለው ምን ሊሰማው ነው?

ሲበራለት ደግሞ «ጎበዝ!» ብለሽ ጭንቅላቱን ደባብሰሽው አትለፊ። ያደረገውን ንገሪው፦ «እግሯን ገልብጠህ ሞከርክ፣ ድንጋዩን አልነካህም፣ በዚያ አገኘኸው።» ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ከአምስተኛ ክፍል ልጆች አንዳንዶቹን በብልህነታቸው፣ አንዳንዶቹን በጥረታቸው አመሰገኑ። ቀጥሎ ከባድ ጥያቄ ሲመጣ ብልህ የተባሉት ቶሎ ተስፋ ቆረጡ፤ ውጤታችሁን ለሌላ ልጅ ጻፉ ሲባሉም ከፍ አድርገው የዋሹት በነሱ በኩል በዙ። ምን ያድርጉ፣ ስማቸውን ማስጠበቅ ነበረባቸው። ተአምር ግን አትጠብቂ፤ ኋላ የመጡ ጥናቶች የዚህ ዓይነቱ ሥራ ውጤት መጠነኛ ነው ብለዋል። ቢሆንም የእኛ ልጆች ከደረጃ ካርዳቸው ጋር እንዴት እንደሚኖሩ ታውቂያለሽ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እጅሽ የገቡት ልጆች ታላላቆቻቸው ያን ውጤት ይዘው ሲመጡ ቤቱ ምን እንደሆነ ያዩ ናቸው። አምፖል እምቢ ስትል ፊታቸው የሚለዋወጠው በከንቱ አይደለም።

ሌላው፣ ጥያቄ ጠይቀሽ ሦስት ሰከንድ ጠብቂ። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል ተመራማሪ መምህራን ጠይቀው ለመልስ የሚሰጡት ጊዜ በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል መሆኑን ለክታ አሳይታለች፤ ወደ ሦስት ሲረዝም ልጆቹ ረጅምና የታሰበበት መልስ ሰጡ፣ ዝምተኞቹም አፋቸውን ከፈቱ። እኛ ጋ ያቺን ሰከንድ እንኳን የሚበሏት «እኔ ቲቸር! እኔ ቲቸር!» እያሉ ጣታቸውን የሚያጮሁት ናቸው። አትቆጪያቸው፣ ሆዳቸው ነድዶ ነው። ሁሉም መጀመሪያ ደብተሩ ላይ ይጻፍ በይ፤ ከዚያ አንብብልኝ ብለሽ የኋላ ወንበር ላይ ያለውን ጥሪ። አጠገቡ ላለው ልጅ በሹክሹክታ ነግሮ ከዚያ ለሁሉም ቢናገርም ይቀለዋል።

መተባበርን ደግሞ «ተባበሩ» ብለሽ አታመጪውም። ሎሚ ግዢ። አራት ሎሚ፣ አራት የቆርቆሮ ምስማር፣ ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ ተልጦ የወጣ የመዳብ ሽቦ። የቆርቆሮ ምስማር የምልሽ በዚንክ የተለበጠ ስለሆነ ነው፤ ባለሱቁ ተራ ምስማር ሊሰጥሽ ቢሞክር እምቢ በዪው። ምስማሩና ሽቦው ሎሚው ውስጥ ሳይነካኩ ይሰኩ። አራት ቡድን አድርገሽ ለእያንዳንዱ አንድ ሎሚ ስጪ፤ በቴስተር ሲለኩት 0.9 ቮልት ገደማ ያገኛሉ፣ ደስታውን አትጠይቂኝ። ቀጥለሽ ያቺኑ ቀይ ኤልኢዲ ስጫቸው። የማንም አትበራም። ይሞክራሉ፣ ይገለብጣሉ፣ ሎሚውን ይጨምቃሉ። አሁን ዝም በይ ሆዴ፣ ይኸው ነው ፈተናሽ። ከቆየ «ለሷ ስንት ቮልት ያስፈልጋታል? እናንተ ስንት አላችሁ?» ብቻ በይ። አንዷ ትነሣና «የነሱን ብንቀጥልበትስ?» ትላለች። ጠረጴዛው ይገጣጠማል፤ የአንዱ ሎሚ ምስማር ከሚቀጥለው ሎሚ መዳብ ጋር።

ኧረ አሁንም ላትበራ ትችላለች። አንዱ ሽቦ ይላቀቃል፣ አንዱ ይገለበጣል፣ የአራቱም ልፋት ይጠፋል። ወዲያው «የነሱ ነው!» ይጀመራል። የምትፈልጊው ይህን ሰዓት ነው። ሕጉን ከመጀመሪያው ንገሪያቸው፦ ሳይለኩ «የእናንተ ነው» ማለት የለም። ሁሉም ቡድን መጀመሪያ የራሱን ይለካል፣ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይናገራል። «የኛ 0.9።» «የኛ 0.9።» «የኛ... ዜሮ፣ ቆይ፣ ምስማሩ ወጥቷል።» ልዩነቱ ይታይሻል? ሁሉም የራሱን ሲናገር ዜሮው ጥፋት መሆኑ ይቀርና የሚጠገን ነገር ይሆናል። የወጣው ምስማር የማን እንደነበር ግን በኋላ ስታወሪ ስሙን አታንሺ። ከአምስቷ ደቂቃሽ ላይ ሁለት ነገር ጠይቂ፦ «የነሱ ነው» ስትባሉ ምን አላችሁ? ዜሮ ያላችሁትስ ለመናገር ከበዳችሁ? መጋረጃውን ዝጊ፤ በሎሚ የምትበራ ኤልኢዲ ደብዛዛ ናት፣ በቀን ብርሃን ላትታይ ትችላለች። ሎሚውን ደግሞ ማንም ሻይ ውስጥ እንዳይጨምቀው፤ ዚንክ ገብቶበታል። ልጆች ናቸው፣ ያደርጉታል።

ሎሚውን ለየቡድኑ ማካፈሉ የኔ ብልሃት እንዳይመስልሽ። በ1971 እ.ኤ.አ. ኦስቲን፣ ቴክሳስ ውስጥ ጥቁር፣ ነጭና የሜክሲኮ ተወላጅ ልጆች ገና አንድ ክፍል መቀመጥ ሲጀምሩና ነገር ሲካረር፣ ኤልየት አሮንሰን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ትምህርቱን ቆራርጦ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ቁራጭ ሰጠው። ሙሉውን ለማወቅ የማይወዱትን ልጅ ጭምር ማዳመጥ ግድ ሆነባቸው። የአንቺ ቁራጭ ሎሚ ነው።

የሥራ ክፍፍሉን በየሳምንቱ አዟዙሪ። አንቺ ካልገባሽበት ሁልጊዜ ወንዱ ሽቦ ይይዛል፣ ሴቷ «ጽሕፈትሽ ያምራል» ተብላ ትጽፋለች። በልጅነትሽ አንቺንም እንዲህ አላሉሽም? ቴስተሩን ስጫት።

ወሬ ሲያልቅብሽ ስለ ዶክተር አክሊሉ ለማ ንገሪያቸው። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች መሆናቸውን ያውቅ ስለነበር እንዶዱን መመርመር ጀመረ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. እሱና ባልደረባው ለገሠ ወልደዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ። ልጆቹን ግን ስለ ሽልማቱ አትጠይቂያቸው። ሲያጥቡ የሚውሉ ሴቶችን ንቆ ቢያልፍ ኖሮ ምን ይቀርበት ነበር ብለሽ ጠይቂያቸውና እነሱ ያውሩ። ቤታቸው ሄደው እናታቸው ወይ አያታቸው የምታውቀውን አንድ ነገር ጠይቀው እንዲመጡም እዘዢያቸው፤ ጤፉ ለምን በአብሲት እንደሚነሣ፣ ጌሾው ጠላ ላይ ምን እንደሚሠራ።

ስሜታቸውን ስትጠይቂ «ደህና ናችሁ?» ብትዪ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው መልሱ፣ እሱም ተገቢ መልስ ነው። «ዛሬ ስንት ቮልት ናችሁ?» በያቸው፤ እንደ ባለ 9 ቮልቱ ባትሪ፣ ሙሉ የሆነ ዘጠኝ፣ የደከመው ዝቅ አድርጎ፣ በጣታቸው ያሳዩሽ። ሁለት ያሳየሽን ልጅ ለምን ብለሽ በሰው ፊት አታፋጥጪው። የቤት ገመና የሚወጣው ልጁ ሲፈልግ እንጂ አንቺ ስትፈልጊ አይደለም። ደግሞ ከብዙው ሁለት ጀርባ ያለው ረኃብ ነው። በአዲስ አበባ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ምሳ ይበላሉ፤ እስከ 10 ሰዓት ግን ያልቃል። አንድ ኪሎ ቆሎ ይዘሽ ግቢ። ከበሉ በኋላ «አስቸጋሪ» ካልሻቸው ልጆች ስንቱ እንደቀረ አብረን እናያለን።

አሁን የምልሽን ግን እየቀለድኩ አይደለም። አንድ ቀን አንዷ ልጅ ቀረብ ብላ ከባድ ነገር ልትነግርሽ ትችላለች፤ ሰው እንደመታት፣ እንደነካት። «ለማንም አልናገርም» ብለሽ ቃል አትግቢ። «ስለነገርሽኝ ደስ ብሎኛል፤ የሚረዳን ሰው ግን አብረን እንፈልጋለን» በያት። ዝርዝሩን እየቆፈርሽ አትጠይቂ፣ ያለችውን በራሷ ቃል ጻፊ፣ በዚያው ቀን ለትምህርት ቤቱ አማካሪ ወይም ለምታምኛት ኃላፊ አድርሺ። ተጠርጣሪው ትምህርት ቤት ውስጥ ከሆነ ለእሱ አለቃም አትተዪው፤ ከግቢው ውጭ የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ ወደሚይዘው የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ሂጂ፣ እኔንም ጥሪኝ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ። አንቺም ብትሆኚ ከማንም ልጅ ጋር በተዘጋ በር ብቻሽን አትሁኚ፤ ለልጁም ለአንቺም ጥሩ ነው።

የዓመቱ መጨረሻ ኤግዚቢሽን ሲመጣ ቦርዱን እንዳታሳምሪላቸው። የተጣመመ ርዕስና የተደለዘ ቁጥር ያለበት ሰሌዳ ይዘው ይቁሙ፤ አንቺ ብታሳምሪው ዳኛው ሲጠይቃቸው ዞረው አንቺን ነው የሚያዩት። ያልሠራ ሙከራም ይለጠፍ፣ ምን እንደቀየሩ ከጎኑ ተጽፎ።

ሰዓቱን ደግሞ ጠብቂ እህትዬ። ሙከራው ቢጥምም ቢሞቅም 11 ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ክረምት ሲገባ ከዚያም ቀደም በይ። ዕቃውን ራሳቸው ይቁጠሩ፣ ሽቦውን ራሳቸው ይጠቅልሉ። በሰፈር በሰፈር አቧድነሻቸው ይውጡ፤ ራቅ ያለ ሰፈር የሚሄዱትን ታክሲ ሲይዙ እዪያቸው። የቤተሰብ ስልክ ቁጥራቸውን ዛሬ ሰብስቢ፣ ነገ አትበዪኝ።